ዕንባቆም ያስተካከለው ዘመን

ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ የጣሊያን ዘመን ፎቅ ደረጃ ሥር፣ አምስት ኮምፒውተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን የታጨቀባት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ዕንባቆም ተክለ ጊዮርጊስ ይባላል። ጎንደር ውስጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ለገባ ለወጣው ይናገር ነበር፤ ሌላ የሚናገርለት ስላልተገኘ መሆኑ ነው። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም። መጀመሪያ የጀመረውን መስመር ይጨርሳል፣ ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ የገባውን ሰው ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ ይለካዋል። ጫማው አቧራ ከለበሰ ገጠሬ ነው፤ ከተወለወለ ደግሞ ባዶ ጭንቅላቱን በጫማ የሚሸፍን የከተማ ቦዘኔ ነው። ለዕንባቆም ዓይን የሚሆን ጫማ እስከ ዛሬ አልተሰፋም።

አባቱ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ በደብራቸው የተከበሩ የዜማ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጃቸውን ዳዊት አስደገሙት፣ ጾመ ድጓ አስጀመሩት፣ ቅኔ ቤት ሰደዱት። ዕንባቆም ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሶ አንዱንም ሳይጨርስ በሃያ ዓመቱ ወጣ። ለምን ወጣህ ሲባል መምህሮቹ ከሱ እኩል ስላልሆኑ ነው ይላል። ሙሉ በሙሉ ይዞት የወጣው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቁጥር። በዚህስ አይታማም። የፋሲካን ቀን፣ የጾሙን መግቢያ፣ የየዓመቱን ወንጌላዊ ጣቱን ሳያጥፍ ይነግርሃል። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጅ በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል። ይህን ማወቁ ሸጋ ነበር። ግን ይህን የማያውቅ ሁሉ ለሱ ከብት ነው፤ ከብትም ደግሞ አይነገረውም፣ ይነዳል እንጂ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን አንድ የጽሕፈት መኪና ገዝቶ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። እዚያም ቢሆን ባለጉዳዩ ያለውን አይጽፍም፤ ማለት የነበረበትን ነው የሚጽፍለት። አንድ የላይ አርማጭሆ ገበሬ በሬው ሰው ማሳ ገብቶ ተመትቶበት ሊከስ መጥቶ፣ ዕንባቆም ያዘጋጀለት አቤቱታ ችሎት ላይ ሲነበብ ገበሬው ራሱ የማን ጉዳይ ነው ብሎ ጠየቀ ይባላል። ሰውየው ተመልሶ ሲያማርር ዕንባቆም አንተ ለበሬህ እንጂ ለጽሑፍ ምን አገባህ አለው። ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት ሲሸጋገርም ጠባዩ አብሮት ተሸጋገረ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን "ተሳስቻለሁ" የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም።

ከመንገዱ ማዶ የኡዘይር ኢንተርኔት ቤት ነበር። የኡዘይር ቤተሰብ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ የጎንደር ሙስሊም ቤት ነው፤ እሱ የሱቁን ግማሽ ከፍሎ ስምንት ኮምፒውተር ደረደረበት። ደንበኛ ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል። ያልገባው ነገር ሲገጥመው ደግሞ "አላውቀውም፣ እስቲ አብረን እንየው" ይላል። ይቺ "አላውቀውም" የምትለዋ ቃል ዕንባቆምን አንጀቱን ታሳርረው ነበር። ሰው አላውቅም እያለ እንዴት ሱቅ ይከፍታል? ደግሞም ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ነው የሚጎርፈው። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ሲሠሩ "ያ የጨርቅ ሻጭ ልጅ" ከማለት በቀር ስሙን ጠርቶት፣ ደጃፉንም ረግጦት አያውቅም።

በ2008 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ኡዘይር አዲሱን ዊንዶውስ አስር መጫኑን በካርቶን ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ዕንባቆም ካርቶኑን ከማዶ ሆኖ አነበበና ጭንቅላት ሳይለወጥ ዊንዶውስ ቢለወጥ ምን ዋጋ አለው ብሎ ተሳለቀ። በሳምንቱ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ለምኖ ዲስኩን አስመጣ። ሐሙስ ሰኔ 9 ቀን በሩን ዘግቶ ዋለና አምስቱንም ኮምፒውተር አንድ በአንድ ፎርማት እያደረገ አዲሱን ጫነባቸው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ደህና ነበር፤ የሚነገርለትን እንናገርለት። ያበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። በየኮምፒውተሩ ቀኝ ግርጌ ጥግ ላይ የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ተቀምጧል። በድሮዎቹም ላይ ነበር፤ ያኔ ግን የጫነለት ሌላ ሰው ስለነበር ሳይነካው ኖረ። አሁን ጫኙ ራሱ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ በጫነው ማሽን ላይ የሰው ዘመን ተሰቅሎበት ይኖራል እንዴ? ማሽኑ ቀኑን በራሱ እንዳያስተካክል አዘዘውና በየተራ አስተካከለው፤ ወሩን አሥር፣ ቀኑን ዘጠኝ፣ ዓመቱን 2008። ሰዓቱንም በእኛ አደረገው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ አምስቱን ጥግ በየተራ እያየ ልቡ ሞቀ።

ኢንተርኔቱን ቢከፍት እምቢ አለው። ድርግም ብሎ ቢጠፋ ይሻል ነበር፤ አንድ ሁለት አሮጌ ገጽ ይከፈታል፣ ኢሜይሉና ፌስቡኩ፣ ቅጽ የሚሞላበትም ሁሉ ግን ቀይ ምልክት እያወጣ ይዘጋል። ገጹ ላይ በእንግሊዝኛ ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም የሚል ተጽፏል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ዕንባቆም ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ደቂቃዋ ሳትዛነፍ ልክ ነች። ማንን ነው ወደ ኋላ የቀረ የሚለው ብሎ ገጹን ዘጋው፣ ከዚያ በኋላም ያ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ቢመጣ ዳግመኛ አላነበበውም። ማሽኑ በሽታውን በገዛ አፉ ተናግሮ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት እናኑ ገባች። ከትክል ድንጋይ በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣች የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነች። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፣ በዲፕሎማ። ዲግሪዋን ለመማር አራት ዓመት አመልክታ አራት ጊዜ ቀርታለች። ዘንድሮ ግን አንድ የውጭ ድርጅት ለገጠር ጤና ሠራተኞች በሚሰጠው ዕድል ስሟ ወጣ፤ ወጪዋ ተሸፍኖ፣ ደመወዟም ሳይቋረጥ። ረቡዕ ዕለት ከአዲስ አበባ ደውለው ነገሯት። ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት በኢሜይሏ የተላከላትን ከፍታ "እቀበላለሁ" የሚለውን መጫን አለባት። ካልጫነች ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል፤ በስልክ ቃል መስጠት አይቻልም። የዕድሜ ገደቡ ከሠላሳ አምስት በታች ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የላትም። ትክል ድንጋይ ያለችው አንዲት ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ባለቤቷ ለቅሶ ሄዶ ተዘግታለች።

ወደ ዕንባቆም የመጣችው ኢሜይሏን የዛሬ ሦስት ዓመት የከፈተላት እሱ ስለሆነ ነው። ያን ቀን፣ የመድኃኒት ባለሙያ መሆኗን ነግራው ሳለ፣ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል። እሷ ግን ቂም አልያዘችበትም። አባቷ በሕይወት ሳሉ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስን ስማቸውን ሲጠሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ነበር፤ የእሳቸው ልጅ ቢቆጣም ቢሳደብም ከዕውቀት ብዛት ይመስላታል።

"አያ ዕንባቆም፣ እንደምን አደሩ" አለችና ጉዳይዋን ከነሰዓቱ ነገረችው።

አያ መባል አይወድም። ፒያሳ ላይ መምህር በሉኝ ብሎ ስንቱን አስተካክሏል። ጫማዋን አየ፤ የሰኔ ጭቃ ነበረበት። በሩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ በአገጩ አመለከታትና ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው አላት።

ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። የመስመሩን ሳጥን አጠፋ፣ አበራ። አይጥ በልቶት ይሆናል ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ ኮርኒሱ ሥር ያለውን ገመድ በጨርቅ እየጠረገ መረመረ፤ አይጥ አልበላውም። ትናንት የገቡ ደንበኞች ነካክተውት ይሆናል አለ፤ ትናንት በሩ ዝግ መሆኑ ትዝ ሲለው ከትናንት በስቲያ የገቡትን ረገመ። የቫይረስ መከላከያውን አጠፋ፣ የመስመሩን ቁጥሮች ደምስሶ እንደገና አስገባ። በየመሃሉ ደግሞ ለእናኑ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ያስረዳታል። ውሃ በቧንቧ እንደሚመጣ ዓይነት ነው፣ አንቺ የምታውቂው ምንጭ ስለሆነ አይገባሽም አላት። ትክል ድንጋይ ቧንቧ አለ፤ እናኑ ቤት ውስጥም አለ። እሷ ግን ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አላነሳችም።

በአምስት ሰዓት አንደኛውን ኮምፒውተር ከሥሩ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ጫነው። ሲነሳ ጥጉ ላይ ያው የፈረንጁ ቀን ብቅ አለ። ያኔ ኢሜይሏን ቢሞክርላት ኖሮ ጉዳዩ እዚያው አልቆ እሷም ለምሳ አገሯ በገባች። ዕንባቆም ግን መጀመሪያ ዘመኑን አስተካከለ፤ አሥረኛ ወር፣ አሥረኛ ቀን፣ 2008። ከዚያ ሞከረ። እምቢ አለው።

ስድስት ሰዓት ላይ ለመስመር ሠራተኛው ደወለ። እናኑን አናቴ ላይ ተቀምጠሽ መስመር አይመጣም፣ በዓለ ሃምሳ አላበቃም፣ የሐዋርያት ጾም የሚገባው ሰኞ ነውና ሂጂ እስከዚያው ሥጋሽን ብዪ ብሎ አስወጣት። መለሰ የሚባለው የመስመር ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት መጣ። ገመዱን ነቅሎ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ኢሜይሉን ከፈተ፣ አንድ ቪዲዮ ከፈተ፣ እህቱ የላከችለትን የሠርግ ፎቶ ሳይቀር አንድ በአንድ አየ። መስመሩ ምንም አልሆነም አለው፤ ያለው ችግር ትናንት በጫንከው ላይ ነው፣ ምን እንደነካህ አስታውስ። ዕንባቆም ምንም አልነካሁም አለ። ይህን ሲል እየዋሸ አልነበረም። ነካሁ የሚለው ያበላሸውን ነው፤ ዘመኑን ደግሞ አስተካከለ እንጂ አላበላሸም። መለሰ ራሱን እየነቀነቀ ሲሄድ ገመድ ጎታች ብሎ ከኋላው ሰደበው፣ የሞተሩ ድምፅ እንደማያሰማ አረጋግጦ።

እናኑ ስትመለስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። የመለሰን መምጣት አላየችም፤ ምን እንዳለም ዕንባቆም አልነገራትም። በርጩማዋን ወደ ማሽኑ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች። ያኔ ነው የጥጉን ቁጥር ያየችው።

የመድኃኒት ክፍል ሰው ዓይኑ ቀን ላይ ነው የሚያርፈው። እናኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የጠርሙስና የካርቶን ቀን ስታነብ ኖራለች፤ የተሠራበትን፣ የሚያበቃበትን፣ ሁሉም በፈረንጅ። ጊዜው ያለፈ ኪኒን ስትነጥል በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጣላታል፤ ይኸው 2016 ይላል፣ እኛ ገና 2008 ላይ ነን፣ ስምንት ዓመት የቀረውን መድኃኒት ምነው ትጥይብኛለሽ ብሎ። እሷም ወር እየቆጠረች ታስረዳለች።

"አያ ዕንባቆም፣ ይች ቁጥር የእኛ ዘመን ነች?" አለችው።

"የማን እንድትሆን ኖሯል?"

"ማሽኑማ የፈረንጅ አይደል? የእኛን 2008 የራሱ 2008 ቢመስለውስ? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። እኔ የተሠራበት ቀን ገና ያልደረሰ መድኃኒት ቢያመጡልኝ ውሸት ነው ብዬ እመልሳለሁ። ይኸም ከወዲያ የሚላክለትን ወረቀት ሁሉ ገና ቀኑ አልደረሰም እያለ እየመለሰው እንዳይሆን።"

ሰምታችኋል? ሳትቀባባ፣ ሳትጮህ፣ ነገሩን እንቅጩን አስቀመጠችው። ስንት ኮሌጅ የበጠሰ ሰው እንዲህ አድርጎ አያስረዳም። የዕንባቆም እጅ ማውሱ ላይ ቆመ። ዘመን ሲቆጥር የኖረ ሰው ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ግን ያለችው ማን ናት? ጭቃ የረገጠች፣ ሴት፣ የትክል ድንጋይ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የገቡ ሁለት ተማሪዎችም ቆመው ይሰማሉ።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ከዓመተ ዓለም ጀመረላት፤ አምስት ሺህ አምስት መቶውን፣ የባሕረ ሐሳቡን ወንበር፣ መጥቅዑን፣ በዓለ መጥቅዑን እያነሳ እየጣለ ሩብ ሰዓት ሙሉ አወረደባት። በመጨረሻ የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለች።

"ሃያ ሁለት ነው። አበቅቴ የማታውቂ ሴት ዘመን ልታስተምሪኝ መጣሽ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እናኑ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ አጎነበሰች፤ ፊቷ ፍም መስሎ ነበር። ዕንባቆም ሳቁ ተመቸው። ከባድ ሸክም እንደወረደለት ሁሉ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ማሽኑ ዞረና ያንኑ ገመድ ለሃያኛ ጊዜ ነቅሎ ሰካ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናኑ ተነሳች። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ከማዶ ያለው ኢንተርኔት ቤት ብሞክርስ ብላ ጠየቀችው፣ ቅር እንዳይለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዕንባቆም በመስኮቱ አሻግሮ አየ። የኡዘይር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይች ሴት እዚያ ገብታ በአንድ ደቂቃ ከፍታ ትወጣለች። ያ የጨርቅ ሻጭ ልጅ ደግሞ እዚያ ማዶ ምን ሆኖ ነው የከለከለሽ ይላታል። እሷም የዘመኑን ነገር ትነግረዋለች። ከዚያማ በቃ፤ የመሪጌታ ልጅ ዘመን ቆጥሮ ኮምፒውተር ገደለ እየተባለ በየካፌው ሊሳቅበት ነው። 

"በከተማው ሁሉ ጠፍቷል" አላት። "ዋናው መስመር ነው የተቆረጠው። የመስመር ሠራተኛው ራሱ መጥቶ ነግሮኝ ሄደ። የትም ብትሄጂ ያው ነው።"

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይመለስ ይሆን ወይ አለችው። ዛሬ አይመለስም፣ በከንቱ ከምትንከራተቺ መኪናሽ ሳያመልጥሽ ሂጂ አላት።  አልቅሳ ቢሆን ለሱ ይቀለው ነበር፤ አላለቀሰችም። ምናልባት ከተመለሰ ብላ የስልኳን ቁጥር በብጫቂ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እግዜር ያክብርልኝ ብላ ወጣች።

ዕንባቆም በሩ ላይ ቆሞ ተከተላት፣ በዓይኑ። መንገዱን ተሻገረች። የኡዘይርን በር ታክካ አለፈች። ውስጥ ስምንቱም ኮምፒውተር ሰው ነበረበት፤ ረመዳን ስለሆነ ከንፈሩ የደረቀው ኡዘይር ከአንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያሳያቸዋል። አንገቷን አንድ ጊዜ ብታዞር ታየው ነበር። አላዞረችም። የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ በከተማው ሁሉ ጠፍቷል ብሏታል፤ ምን ብላ ታየዋለች? ባጃጅ አስቁማ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ባዶ ነበር። ዕንባቆም በሩን ገርበብ አድርጎ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። የሴትዮዋን ቂልነት ለማረጋገጥ ያህል ነው አለ ለራሱ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ መለሰው፤ ስድስተኛ ወር፣ አሥራ ሰባት፣ 2016። ሰዓቱንም እንደነሱ አደረገው። ከዚያ ኢሜይሉን ተጫነ።

ፏ ብሎ ተከፈተ።

አሁን ሰው የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ከመናኸሪያው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። የትክል ድንጋይ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። የስልክ ቁጥሯ ጠረጴዛው ላይ ነው። መመለሱ እንኳ ቢቀር ደውሎ የይለፍ ቃሏን ቢጠይቃት ራሱ ከፍቶ፣ ያችን አንዲት ቃል ተጭኖ በአምስት ደቂቃ ይገላገል ነበር። ሴትዮዋ ስንት ዓመት የጠበቀችው ነገር በአንድ ጣት ጫፍ ላይ ነው ያለው። ዕንባቆም ግን ቀኑን መልሶ የእኛ አደረገው። ተዘጋ። እንደገና የፈረንጅ አደረገው፤ ተከፈተ። ምናልባት ያ ማሽን ብቻ ይሆናል ብሎ ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። አምስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ገለበጣቸው፣ አምስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ እሷ እንዳለችው አደረጉ። ሃያ አምስት ደቂቃ በዚህ አለቀ።

ከዚያ ወረቀቷን አነሳ። ሦስት ቁጥር ነካና ተወው። ምን ብሎ ይደውላል? መስመሩ ተለቀቀ ሊላት ነው፤ ይሁን። ግን መጥታ ስትቀመጥ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ጥጉ ላይ ነው። 2016 የሚለውን ታያለች። ታይና ምንም አትልም፤ ይህ አለማለቷ ነው ያስፈራው። በስልክ የይለፍ ቃሏን ልጠይቃት አለ፤ እንዴት ተከፈተ ብትለውስ? የተከፈተበትን ሳይናገር ተከፍቷል የሚልበትን አነጋገር ይፈልግ ጀመር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ይጀምረዋል፣ እሱን ጥሎ ሌላ ያነሳል፤ ቅኔ ቤት እያለ እንኳ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም።

አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ መላ መጣለት። ጥጉን በወረቀት መሸፈን ነው! ባዶ ወረቀት ቢሆን ያሳብቃል፤ ማሳሰቢያ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ተቀምጦ "ጸጥታ ይከበር" ብሎ ጻፈ። ፊደሉ አላማረውምና ለወጠው። አተመው፤ ለጥጉ በለጠ። አሳንሶ አተመው፤ ተጣመመ። መቀስ ፈለገ፣ ቆረጠው፣ ማጣበቂያው የት እንደገባ ጠፋው። መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠ። ፎቶ ኮፒው ሥር አገኘው፤ ደርቋል። በምራቁ አረጠበውና ለጠፈው። ዞር ብሎ አየው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ትንሽ ብቅ ብላለችና ነቅሎ እንደገና ለጠፈው። ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩ አጠገቡ ነበር።

በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠርጎ ደወለ። የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ከአራት ደቂቃ ይል ነበር። ያየው መደወያውን ከተጫነ በኋላ ነው። መዝጋትም ነበረበት፤ እሷ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ሚኒባሱ ትክል ድንጋይ ሊገባ ነበር፤ የሞተሩ ጩኸትና የተሳፋሪው ጫጫታ በስልኩ ይሰማል። ሃሎ ከማለቱ ድምፁን ለይታ ቀደመችው።

"አያ ዕንባቆም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑን ሙሉ በእኔ ምክንያት ተንገላቱ። ሰዓቱማ አለፈ፤ የከተማው መስመር ሲቆረጥ እርስዎ ምን ያደርጋሉ። እንኳን ደወሉልኝ፣ መንገዱን ሁሉ ሆዴን ሲበላኝ ነበር። ስለ ዘመኑ የተናገርሁት፣ እርስዎን በሚያህል አዋቂ ፊት፣ ያውም ሰው ባለበት፣ ባለማወቄ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ዕንባቆም አፉን ከፈተ። ፊት ለፊቱ ኢሜይሉ ተከፍቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልክ ነበርሽ ማለት ሁለት ቃል ነው። ቦታውን አይመልስላትም፤ ቢያንስ ግን ያችን ሴት አላዋቂ ነኝ ብላ አንገቷን ደፍታ ቤቷ ከመግባት ያድናታል። ይህን ያውቃል፤ ደህና አድርጎ ያውቃል።  መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አላት።